ብርጭቆ ውስጥ የገባው ከንፈር

[ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር፤ የሐበሻዋ የነጻነት ምግብ ቤት ጓሮ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሚልኪያስ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ታችኛው ከንፈሩ ጥግ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጥቶበታል። ምን ቀን ጠብቆ እንደወጣ እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ፤ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች የሚወዳትን ትህትናን ሊጠይቁለት ኮሎሎ ሰፈር ይሄዳሉ። ከፊቱ የሽማግሌዎቹ ዋና ተናጋሪ ጋሽ ወልደየስ ቆመዋል። በራሳቸው ሹመት ደግሞ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ሐኪም ናቸው። ክርክሩ ስለ ብርጭቆ ነው።]

ወልደየስ፦ የሻይ ብርጭቆ አይሆንም አልኩህ! ትልቁን አምጣ!

ሚልኪያስ፦ ጋሼ፣ ትልቁ የቢራ ነው። ለአንድ ከንፈር ያን ሁሉ ሰፊ ቤት ምን ያደርግለታል?

ወልደየስ፦ ሳይንስ ነው! ቅጠሉም መግባት አለበት፣ ከንፈርህም መግባት አለበት።

ሚልኪያስ፦ የቢራ ብርጭቆ አፌ ላይ ደፍቼ ሰው ቢያየኝስ? ጠጥቶ አልበቃ ብሎት ብርጭቆውን ሊበላ ነው ይሉኛል። ዛሬ ደግሞ ስሜ እንዲነሳ አልፈልግም።

ወልደየስ፦ እሺ፣ የሻዩ ይሁን። እኔ ጠቤ ከበሽታው ጋር ነው፣ ካንተ ጋር አይደለም።

ሚልኪያስ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ዛሬ ኮሎሎ ስትሄዱ እኔ...

ወልደየስ፦ ኋላ! ሐኪም ነው መጀመሪያ የሚጠይቀው። ምንድን ነው ያመመህ?

ሚልኪያስ፦ ምች ነዋ። ትናንት ከመንገድ ዳር ሮሌክስ ገዝቼ በላሁ። ቅባቱ ከአፌ ሳይደርቅ ቦዳ ሞተር ላይ ወጣሁና እስከ ማኬሬሬ ፀሐዩ ፊት ለፊት ሲጠብሰኝ ሄደ። ማታ ከንፈሬ በላኝ፤ ጠዋት ይኸው።

ወልደየስ፦ [እንደ ታላቅ ሐዘንተኛ ራሳቸውን እየነቀነቁ] ምች! ልጄ፣ ምች የሚባል ነገር የለም። እንቁላል በቂጣ ጠቅልሎ በልቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ከንፈሩ የሚፈነዳ ቢሆን ኖሮ ካምፓላ ውስጥ ደህና ከንፈር ይገኝ ነበር?

ሚልኪያስ፦ እነሱ ለምደውታላ። ታዲያ ምች ካልሆነ ምንድን ነው?

ወልደየስ፦ [ደረታቸውን ነፍተው፣ መንገድ ድረስ በሚሰማ ድምፅ] ሄርፒስ!

ሚልኪያስ፦ [ከወንበሩ ዘሎ] ጋሼ! በእመቤቴ ይዤዎታለሁ! ቀስ ይበሉ!

ወልደየስ፦ ምን ሆንክ?

ሚልኪያስ፦ ካባላጋላ ነን እኮ! በዚህ ሁሉ መጠጥ ቤት መሀል ያን ስም ጮኸው ጠርተውብኝ፣ ከእንግዲህ በሮሌክስ ነው ብል ማን ያምነኛል?

ወልደየስ፦ አታውቅማ! ያንተ የከንፈሩ ነው። ሕፃን ሳለህ ከንፈሯን ያመማት አክስት ስማህ ይሆናል። አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ነርቭህ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ፀሐይ ሲመታህ፣ ሲደክምህ፣ ስትጨነቅ ይነቃል።

ሚልኪያስ፦ ለስንት ጊዜ ነው የሚተኛው?

ወልደየስ፦ ዕድሜ ልክ።

ሚልኪያስ፦ ዕድሜ ልኩን ከተኛ ዛሬን ምን አስነሳው? አንድ ቀን ቢያረፍድ ምን ነበረበት?

ወልደየስ፦ ጭንቀትህ ነዋ! ወይዘሮ ቆንጂት ነገ ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ። ዛሬ እሺ ካላሉ ልጃቸውን ትህትናን ይዘዋት ይሄዳሉ። አንተ ደግሞ ይህን እያሰብክ እንቅልፍ አጣህ፤ አንተ ስትነቃ እሱም ነቃ።

ሚልኪያስ፦ እውነትዎን ነው። አሁንም ስሟን ሲጠሩት ትር ትር አለብኝ።

ወልደየስ፦ ስለዚህ ከአሥር ሰዓት በፊት ይሄ ከንፈር መዳን አለበት! ወይዘሮ ቆንጂት እንዲህ ያለ ከንፈር ካዩ ወንበር ሳይስቡልን ነው የሚያሰናብቱን።

ሚልኪያስ፦ እሱን እኮ ነው ልጠይቅዎት የነበረው። እኔ...

ወልደየስ፦ ኋላ አልኩህ!

[ሚልኪያስ ጥያቄውን ዋጠው። ሽማግሌን ደጋግመው አይጠይቁም፤ በተለይ ትዳርህን በምላሱ ይዞ ወደ ኮሎሎ የሚሄድ ሽማግሌን።]

ሚልኪያስ፦ ፋርማሲ ሄጄ ክኒን ብገዛስ?

ወልደየስ፦ ፋርማሲ! አብዛኛውን ነገር ፋርማሲውስ ከየት አመጣው? ከቅጠል! ከሥር! ከቅርፊት! አሁን እንኳ እኔና አንተ ስናወራ የዓለም ተመራማሪ ሁሉ እሬቱንም፣ እርዱንም፣ የሻይ ቅጠሉንም እየጨመቀ ይሄን ሄር...

ሚልኪያስ፦ ጋሼ!

ወልደየስ፦ ...ይሄን ያንተን ነገር ሊያስቆም ጎንበስ ቀና ይላል። ስማ፣ ላንብብልህ። [ስልካቸውን ክንዳቸው እስከሚደርስ አርቀው፣ አይናቸውን አጨንቁረው] «ከዕፅዋቱ የተገኘው ንጥረ ነገር ቫይረሱ ወደ ሴሉ እንዳይገባ አግዷል።» ገባህ? በር ላይ ያስቆመዋል! ዘበኛ ነው!

ሚልኪያስ፦ የኔ ግን ገብቷል እኮ። ዕድሜ ልኩን ውስጤ ተኝቷል አላሉም? ውስጥ የተኛውን ዘበኛው ምን ያደርገዋል?

[ጋሽ ወልደየስ አልሰሙም። ጥያቄው ጥሩ ሲሆን ጆሯቸው ይደክማል።]

ወልደየስ፦ ቀጥሎ ምን ይላል መሰለህ። «በብልቃጥ ውስጥ በተደረገው ሙከራ ቫይረሱ መራባቱን አቁሟል።»

ሚልኪያስ፦ የት ውስጥ?

ወልደየስ፦ ብልቃጥ ውስጥ።

ሚልኪያስ፦ እኔ ግን ብልቃጥ ውስጥ አይደለሁም።

ወልደየስ፦ [እጃቸውን አጨብጭበው] ለዚህ ነዋ ብርጭቆ ያስመጣሁህ! ሰዉ ቅጠሉን ይቀባና አልዳንኩም ብሎ ያማርራል። ለምን? ብልቃጡን ረስቶ! ይህን ከኔ በፊት ያስተዋለ የለም።

ሚልኪያስ፦ እንዲያውስ ብልቃጡ ውስጥ የነበረው የማን ከንፈር ነው?

ወልደየስ፦ ከንፈር አይደለም፣ ሴል ነው። የጦጣ ኩላሊት ሴል።

ሚልኪያስ፦ ጦጣውን ምች መትቶት ነው?

ወልደየስ፦ ጦጣው ጤነኛ ነው! ኩላሊቱን ብቻ ነው የወሰዱት።

ሚልኪያስ፦ ኩላሊቱን ወስደውበት ጤነኛ ነው?

ወልደየስ፦ አንተ ልጅ፣ ሆን ብለህ ነው?

ሚልኪያስ፦ አይደለም ጋሼ፣ እንዲገባኝ ብዬ ነው። ጦጣው ከንፈሩን አላመመውም። እኔ ደግሞ ኩላሊቴ ደህና ነው። ታዲያ ይሄ ቅጠል እስካሁን ያዳነው ማንን ነው?

ወልደየስ፦ ብልቃጡን!

[ያሉት ነገር ለራሳቸውም ትንሽ ጎረበጣቸው። ግን ጋሽ ወልደየስ ከካባላጋላ እስከ ኮሎሎ በእግራቸው ይሄዳሉ እንጂ ያሉትን ነገር ወደ ኋላ አይመልሱም።]

ሚልኪያስ፦ መጨረሻው ላይስ ምን ይላል?

ወልደየስ፦ መጨረሻውን ማንም አያነብም።

ሚልኪያስ፦ [ስልኩ ላይ አንገቱን አስግጎ] «በሰው ላይ ገና አልተሞከረም» ይላል።

ወልደየስ፦ ይኸውልህ! ዛሬ ይሞከራላ! የመጀመሪያው ሰው ስትሆን ደስ አይልህም?

ሚልኪያስ፦ ደግሞ «መጠኑ ሲበዛ ሴሉንም ራሱን ይገድለዋል» ይላል።

ወልደየስ፦ ስልኬን መልስ!

[ከኮት ኪሳቸው በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አውጥተው፣ እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘው ገለጡት። ቅጠል ነው።]

ወልደየስ፦ ዳማከሴ!

ሚልኪያስ፦ [ፊቱ በርቶ] ዳማከሴ? ካምፓላ ውስጥ? ከየት አገኙት ጋሼ?

ወልደየስ፦ አይን ላለው ሰው የትም አለ። ከዚያ ማዶ፣ ከአጥሩ ላይ ነው የቀጠፍኩት። ስንት ዓመት ሰው በጎኑ ሲያልፍ ማንም አላወቀውም።

ሚልኪያስ፦ [በጣቶቹ አሽቶ፣ አሽትቶ] አይሸትም እኮ። ዳማከሴ ገና ሳይነኩት ቤቱን ያውደዋል።

ወልደየስ፦ እሱ አገሩ ሲሆን ነው። ስደት ላይ ያለ ዳማከሴ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው። አንተስ አዲስ አበባ እያለህ እንደዚህ ዝምተኛ ነበርክ?

ሚልኪያስ፦ እሱስ አልነበርኩም። ወተቱስ? ይኸው እንደተቀነጠሰ ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። ዳማከሴ ሲጨመቅ አረንጓዴ ነው የሚወጣው።

ወልደየስ፦ ዝናቡ ነዋ! እዚህ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ይከርማል። ሁለት ክረምት የጠገበ ቅጠል ወተት ቢያወጣ ምን ይደንቃል? ጥጋብ ነው!

[ቅጠሉን በማንኪያ ጀርባ ቀጥቅጠው ብርጭቆው ውስጥ ከተቱት። ሚልኪያስ ብርጭቆውን አጋድሞ ከንፈሩን ጠርዙ ላይ ለጠፈ፤ ቅጠሉን ግን እታች ሥሩ ላይ ተወው። ይህን ጋሽ ወልደየስ አላዩም፤ እሱም አልነገራቸውም።]

ወልደየስ፦ እንዲያ! አሁን ብልቃጥ ውስጥ ነህ። እንዳትናገር!

ሚልኪያስ፦ [ከብርጭቆው ውስጥ፣ እንደ ጉድጓድ በሚያስተጋባ ድምፅ] ጋሼ፣ ያቺ ጥያቄ...

ወልደየስ፦ አትናገር! አየር ይገባል!

ሚልኪያስ፦ አጭር ናት...

ወልደየስ፦ አየር ይገባል አልኩህ! ዝም ካልክ እኔም ንግግሬን ልለማመድበት። [ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው] «የተከበራችሁ ባለቤቶች፣ አዳም በገነት ብቻውን በነበረ ጊዜ...»

ሚልኪያስ፦ [ብርጭቆውን ከአፉ መንጭቆ] ከአዳም ነው እንዴ የሚጀምሩት? ወይዘሮ ቆንጂት እኮ ነገ በረራ አለባቸው!

ወልደየስ፦ አየር! ከአዳም ያልተጀመረ ሽምግልና ምኑ ሽምግልና ነው? ለለሚ ሽምግልና ስሄድ ከአዳም ጀምሬ ኖኅ ጋ ስደርስ መሽቶ ነበር። ሰዉ እንዴት እንደተገረመ!

ሚልኪያስ፦ ልጅቷን አልሰጧችሁም እኮ።

ወልደየስ፦ ንግግሩን ግን እስከ ዛሬ ያነሱታል!

ሚልኪያስ፦ ጋሼ፣ ቅር እንዳይልዎት እንጂ፣ ጋሽ ኤርሚያስም አብረዋችሁ ነው የሚሄዱት። እሳቸው ቢናገሩስ? ለማቲዎስ ሲሄዱ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ቁጭ አሉ። ሲቀመጡ እሺ ተብለው ነበር።

ወልደየስ፦ ኤርሚያስ! ጨው የሌለው ወጥ! [የራሳቸውን ከንፈር በጣታቸው እየመቱ] ይሄ ከንፈር ደህና እስካለ ድረስ ኤርሚያስ አይናገርም! በል ወደ ብልቃጥህ ግባ!

[ሚልኪያስ ተመልሶ ገባ። ትህትና ጠዋት ደውላ ያለችው በጆሮው ያቃጭላል። «ሚልኪ፣ እማዬ ጋሽ ወልደየስ ከአዳም ከጀመሩ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ ብላለች። ያንተንም የኔንም ነገር አስብበት።» አስቦበታል፤ ሌሊቱን ሙሉ አስቦበታል። ግን ሽማግሌውን አይናገሩ ብሎ የሚናገር ምን ዓይነት አፍ ነው? እሱ ያለው ይኸው የቆሰለው ብቻ ነው። ትህትናን ደግሞ ይወዳታል፤ እንዲያው ሲያስባት ብርጭቆው በትንፋሹ ይደበዝዛል።]

ሚልኪያስ፦ [ብርጭቆውን አውርዶ] ጋሼ፣ ያቃጥላል።

ወልደየስ፦ ከንፈርህን?

ሚልኪያስ፦ ጣቴን። ቅድም ያሸሁበትን። ይዩት፣ ቀልቷል።

ወልደየስ፦ ዳማከሴ ያቀዘቅዛል እንጂ አያቃጥልም! የፈሪ ጣት ነው። ደግሞስ ብርጭቆውን እንዴት ነው የያዝከው? ቅጠሉ እታች ቀርቶ ከንፈርህ እላይ! ይህን ሁሉ የደከምኩት በከንቱ ነው! ወዲህ አምጣ፣ ላሳይህ።

ሚልኪያስ፦ ኧረ ይተዉ ጋሼ! የቆሰለ አፌን ያስገባሁበት ነው። በመሳም ይተላለፋል ያሉኝ እርስዎ አይደሉ?

ወልደየስ፦ ዳማከሴ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ቫይረስ ምን ይሠራል? ዘበኛው አለ!

ሚልኪያስ፦ ቢያንስ ልጠበው።

ወልደየስ፦ አምጣ ብያለሁ! [ብርጭቆውን ነጥቀው አፉን በእጅጌያቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና] ተመልከት። ራስ ወደ ኋላ። ብርጭቆ ወደ ላይ። ሁለቱም ከንፈር ወደ ውስጥ። ከዚያ በትዕግሥት መጠበቅ።

[ነጩ ወተት በብርጭቆው ግድግዳ ቀስ ብሎ ወረደ። ጋሽ ወልደየስ አይናቸውን ጨፍነው ፈገግ እንዳሉ ከንፈራቸው ላይ ደረሰ።]

ወልደየስ፦ ይኸው! ምንም! ቀዝቀዝ ይላል... ቀዝ...

ሚልኪያስ፦ ጋሼ?

ወልደየስ፦ ቀዝቀዝ ይላል አልኩህ!

ሚልኪያስ፦ እንባዎ እየወረደ ነው።

ወልደየስ፦ የደስታ ነው! ውኃ! ውኃ አምጣ! ቶሎ!

[ሚልኪያስ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠ። በአንድ እጁ ጆግ ውኃ፣ በሌላው ሳሙና ይዞ ተመለሰ። ጋሽ ወልደየስ አፋቸውን ጆጉ ውስጥ ነከሩ።]

ሚልኪያስ፦ ደጋግመው ይታጠቡት። ለነጻነት ቅጠሉን አሳየኋት። ፍየሎች ጓሮዋ እንዳይገቡ ብላ የተከለችው አጥር ነው። ፍየል እንኳ አይነካውም አለች።

ወልደየስ፦ ፍየል ምን ያውቃል!

[ይህን ሲሉ «ፍየል» የምትለዋ ቃል በቅጡ አልወጣችም። ከንፈራቸው እንደ ፊኛ እየተነፋ ነው፤ የላይኛው አፍንጫቸውን ሊደግፍ ጥቂት ቀርቶታል። ስልካቸውን እንደ መስታወት አንስተው አዩትና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ወዲያው የሚልኪያስ ስልክ ጮኸ።]

ሚልኪያስ፦ አቤት ጋሽ ኤርሚያስ! ... በር ላይ ደርሰዋል? ከነመኪናው? ... አሉ፣ ጋሽ ወልደየስ እዚሁ አሉ። መሄድስ ይሄዳሉ፣ መናገር ነው ያቃታቸው። ... ምን ሆኑ? [ወደ ጋሽ ወልደየስ ቀና ብሎ አይቶ] ምች መቷቸው ነው።

ወልደየስ፦ [ባበጠው ከንፈር፣ ለሰሚ በማይገባ ድምፅ] ምች የሚባል ነገር የለም!

ሚልኪያስ፦ [ወደ ስልኩ] ሰሟቸው አይደል? «ዛሬ ኤርሚያስ ይናገርልኝ» እያሉ ነው። ... እሺ፣ አሁን ይወጣሉ።

[ጋሽ ወልደየስ በአይናቸው ተቆጡ። ከዚያ በላይ የሚቆጡበት ነገር አልቀራቸውም። ኮታቸውን አስተካክለው ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ።]

ሚልኪያስ፦ ጋሼ፣ አሁንስ ያቺን ጥያቄ ልጠይቅ?

ወልደየስ፦ ጠይቅ! ጠይቅና ገላግለኝ!

ሚልኪያስ፦ እኔም አብሬያችሁ ኮሎሎ እሄዳለሁ እንዴ?

ወልደየስ፦ [ንዴት ከንፈራቸውን ለጊዜው አስተካከለላቸው] ምን ዓይነት ቂል ነህ! የት አገር ነው አግቢው ከሽማግሌ ጋር ተሰልፎ የሚሄደው? ነውር አይደለም? አንተ እሺታው እስኪመጣ እዚሁ ቁጭ ብለህ ነው የምትጠብቀው! ወይዘሮ ቆንጂት ዛሬ ያንተን አይን አያዩም!

ሚልኪያስ፦ ከንፈሬንስ?

[ከማዕድ ቤት የነጻነት ሽንኩርት ሲንጫጫ ይሰማል። ጋሽ ወልደየስ መጀመሪያ የሚልኪያስን ከንፈር አዩ፤ ዛሬ ማንም የማያየውን። ቀጥሎ ብርጭቆውን አዩ። ከዚያ ወይዘሮ ቆንጂት ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያዩትን የራሳቸውን ከንፈር በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ አመማቸው።]

ወልደየስ፦ ቀድመህ ለምን አልጠየቅኸኝም?

ሚልኪያስ፦ ከንፈሬ ብርጭቆ ውስጥ ነበራ!

[ውጪ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ሚልኪያስ ሮጦ ከነጻነት ሌላ ንጹሕ ብርጭቆ አመጣ፤ በረዶ ሞልቶበታል። በአክብሮት፣ በሁለት እጁ፣ ጋሽ ወልደየስ አፍ ላይ አስደገፈው።]

ሚልኪያስ፦ በሉ ጋሼ፣ እግዜር ይከተላችሁ። እሺ እስኪሉ ድረስ ከአፍዎ አያንሱት።

ወልደየስ፦ [ከብርጭቆው ውስጥ] አዳምን ግን...

ሚልኪያስ፦ አይናገሩ ጋሼ! አየር ይገባል!